የመጽሐፍ ቅርጫ

(አምቦ፣ የሰፈሩ ንባብ ክፍል። ጡረታ የወጡት ርዕሰ መምህር ኦቦ ኤጄታ ለልጆች የሚሆኑ መጻሕፍትን እንዲመርጡ ተጠርተው መጥተዋል። የክፍሉ ቁልፍ ያለው አዴ ሙሉወርቅ ጋ ነው። ሁለቱ አያቶች አንድ የሳሳ መጽሐፍ ይዘው ይጓተታሉ።)

ኤጄታ፦ እድፍ ነው።

ሙሉወርቅ፦ እድፍ አይደለም፣ ቅቤ ነው።

ኤጄታ፦ መጽሐፍ ላይ ቅቤ ምን ይሠራል?

ሙሉወርቅ፦ ዱረቲ በቅቤ የራሰ ጩኮ እየበላች ስታነበው ነዋ። የልጅ ልጄ ዱረቲ፣ ድሮ መጽሐፍ ስታይ ሆዷን ያማት የነበረችው። አሁን ከዚህ ነጥዬ ላበላት አልቻልኩም።

ኤጄታ፦ ይወገዳል። የተወገደው ሁሉ ነገ ለባለሱቁ ይሰጣል፤ በርበሬ ይጠቀልልበታል።

ሙሉወርቅ፦ እርስዎ ካሉ ምን አደርጋለሁ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ ነው። በምትኩ ለዱረቲ ምን ልስጣት?

ኤጄታ፦ (አንድ ወፍራም ቀይ መጽሐፍ ያወርዳሉ) ይህን። ለታዳጊ ከዚህ የተሻለ የለም። ሽፋኑን ይዩት፣ ዛሬ የታተመ ነው የሚመስለው።

ሙሉወርቅ፦ እውነትም ንጹሕ ነው። ማን ነክቶት።

ኤጄታ፦ አዩ? ጥሩ መጽሐፍ እንዲህ ይከበራል።

ሙሉወርቅ፦ የጎረቤቴ ልጅ ሞቲ ብቻ አንድ ጊዜ ተውሶት ነበር።

ኤጄታ፦ ጎበዝ ልጅ። እንዴት ሆነለት?

ሙሉወርቅ፦ በጣም ጠቀመው። ነፋስ በራቸውን እያላተመ ሲያስቸግራቸው መጽሐፉን በሩ ሥር አስደገፉት። ክረምቱን ሙሉ በሩ ንቅንቅ አላለም።

ኤጄታ፦ እኔ የምጠይቀው ስለ ይዘቱ ነው።

ሙሉወርቅ፦ እኔም ልጠይቅዎ ነበር። ምን ይላል?

ኤጄታ፦ ይመክራል።

ሙሉወርቅ፦ ምን ብሎ?

ኤጄታ፦ በየምዕራፉ።

ሙሉወርቅ፦ ልጅቷን አባቷ ይመክራታል፣ እናቷ ትመክራታለች፣ አጎቷ ከባኮ በስልክ ይመክራታል። መጽሐፉ ከማን ቀጥሎ ይግባ?

ኤጄታ፦ ከሁሉም በፊት። መመዘኛው ይኸውልዎ፦ ለታዳጊ ፍቅር አይኑርበት፣ ለሕፃን እንስሳ አይናገርበት፣ ለሁለቱም ሳቅ አይብዛበት።

ሙሉወርቅ፦ ልክ ነው። ከሳቁ ሊወዱት ይችላሉ።

ኤጄታ፦ እሱን ነው የምልዎት።

ሙሉወርቅ፦ እርስዎስ በልጅነትዎ የትኛውን መጽሐፍ ነበር የሚወዱት?

ኤጄታ፦ እኔ? (ያስባሉ) በእኛ ጊዜ የምንወደው የታዘዝነውን ነበር።

ሙሉወርቅ፦ አሁን ሁሉም ነገር ገባኝ።

ኤጄታ፦ (የሳሳውን መጽሐፍ ያገላብጣሉ) ይሄ ጭራሽ ሙሉም አይደለም። በቢላ ተቆርጧል። ማነው እንዲህ ያደረገው?

ሙሉወርቅ፦ እኔ።

ኤጄታ፦ እርስዎ?

ሙሉወርቅ፦ መጽሐፉ አንድ፣ ፈላጊው ሰፈር ሙሉ ልጅ። ሲጣሉብኝ እንደ በዓል በሬ ቅርጫ አደረግሁት። መደብ መደብ አድርጌ፣ እያንዳንዱን በመርፌ ሰፍቼ አካፈልኳቸው። የጨረሰ ለቀጣዩ ያቀብላል።

ኤጄታ፦ መጽሐፍ ቅርጫ ይገባል? ቆዳውስ ለማን ደረሰ?

ሙሉወርቅ፦ ሽፋኑን ነው? ለእርስዎ ደርሷል፤ ይኸው እጅዎ ላይ ነው።

ኤጄታ፦ (ወንበር ስበው ይቀመጣሉ) የተወገደበትን ምክንያት መናገር ስላለብኝ መጥፎውን ቦታ ብቻ ልይ።

ሙሉወርቅ፦ ይዩ። አስቀድሜ ልንገርዎ፣ አህያዋ ትናገራለች።

ኤጄታ፦ አንዴ ዝም ይበሉ።

(ይገልጣሉ። አሁንም ይገልጣሉ። ሳቅ ሲያመልጣቸው ያስላሉ። ከውጭ ወደ ጌዶ የሚሄደው መኪና ረዳት «ጌዶ፣ ጌዶ» እያለ ተሳፋሪ ይጣራል።)

ሙሉወርቅ፦ ኦቦ ኤጄታ፣ መኪናዎ ሊሄድ ነው።

ኤጄታ፦ ይሂድ፣ ሌላ ይመጣል።

ሙሉወርቅ፦ መጥፎውን ቦታ አገኙት?

ኤጄታ፦ እየደረስኩበት ነው። ይሄ ነጋዴ ግን ልብ የለውም። አህያዋን ከሚወዷት ልጆች ነጥሎ ይሸጣታል?

ሙሉወርቅ፦ አህያ አይደለች? ትሸጣለቻ።

ኤጄታ፦ ስም ያላት አህያ እኮ ናት። (የመጨረሻውን ገጽ ይገልጣሉ) የጉደር ወንዝ ሞልቷል… ነጋዴው ከኋላዋ እየሮጠ ነው… አንድ እግሯን ውሃው ውስጥ አስገባች… እንዴ፣ አለቀ? ቀሪው የታለ?

ሙሉወርቅ፦ ቀሪው ምን ያደርግልዎታል? እድፍ ነው።

ኤጄታ፦ ተሻገረች ወይስ አልተሻገረችም?

ሙሉወርቅ፦ ቀዩን ላቀብልዎ? በየምዕራፉ ይመክራል።

ኤጄታ፦ አዴ ሙሉወርቅ፣ በእናትዎ።

ሙሉወርቅ፦ መጀመሪያ ይንገሩኝ። ወደ በርበሬው ነው ወይስ ወደ መደርደሪያው?

ኤጄታ፦ ወደ መደርደሪያው።

ሙሉወርቅ፦ ለስንት ዓመት ልጅ ይሆናል ልበል?

ኤጄታ፦ ለሁሉም ይሆናል፤ ጨረስን። ሁለተኛው መደብ ማን ጋ ነው?

ሙሉወርቅ፦ ሃዊ ጋ። እሷ ስትጨርስ ተራው የእርስዎ ነው።

ኤጄታ፦ ጥሩ። እስከ ነገ ትጨርሳለች?

ሙሉወርቅ፦ እንጃ። ሃዊ ገና ፊደል እየቆጠረች ነው፤ ትናንት «ሰ» ላይ ደርሳለች። ድርሻዬን አልሰጥም ብላ ትራስጌዋ አስቀምጣዋለች፣ ከሕፃን ደግሞ አይነጠቅም።

ኤጄታ፦ እና እስከዚያ እኔ ምን ልሁን?

ሙሉወርቅ፦ (ቀዩን መጽሐፍ እያቀበሉ) እስከዚያ ይሄን ይውሰዱ። ቤትዎ በር አለው አይደል?