የእድራችን ድንኳንና የታምሬ እናት ቦርሳ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ይህን አባባል ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ ጸሎት ይዤው ኖሬአለሁ፤ ዛሬ የማወጋችሁ ግን እየጠረጠርኩ የተመነጠርኩበትን ቀን ነው። በዓል ሲመጣ ጥርጣሬዬ ይብሳል። እናንተም አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ እኛ ሰፈር ብትኖሩ ይብስባችሁ ነበር። መስቀል ሁለት ሳምንት ሲቀረው በሰፈራችን የሚጣል ነገር የለም። የለስላሳ ቆርኪ ተበስቶና በክር ተሰክቶ መጋረጃ ይሆናል፤ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ተቆርጦ፣ ቢጫ ተቀብቶ አደይ አበባ ይሆናል፤ ያረጀ የመኪና ጎማ የእንግዳ መቀመጫ ይሆናል። እጃቸው የተባረከ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ዕቃ ከጠፋባችሁ ፖሊስ ጋ አትድከሙ፤ መስቀልን ጠብቁና ጎረቤት ሳሎን ግቡ። አምና የጠፋብኝን የመጥረጊያ እጀታ አስተማሪው ጎረቤቴ ቤት የመጋረጃ ዘንግ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እሱ የራሴ ነው ይላል። ይበል።

የታምሬ እናት ከእኔ ቤት ሦስት በር ወረድ ብላ ነው የምትኖረው። ልጇ ታምሬ የሙዝ መኪና ሾፌር ነው፤ ከላንቴ ጭኖ አዲስ አበባ ያራግፋል። እሷ ደግሞ እጇ ሥራ አይፈታም። ዘንድሮ ለበዓሉ ቦርሳ መስፋት ጀመረች። ወፍራም አረንጓዴ ሸራ ነው፤ ዳር ዳሩን ከጨንቻ ሸማኔዎች በተረፈ የዱንጉዛ ጨርቅ ቁራጭ ትከፍፈዋለች፤ ያ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ጥለት አረንጓዴው ላይ ሲያርፍ ዓይን ይስባል። የሰፈሩ ሴቶች ተሻሙበት። ባለቤቴም አንዱን አንጠልጥላ መጣች፣ እዩልኝ እያለች። እኔ ግን ያየሁት ዱንጉዛውን አልነበረም፤ ሸራውን ነው።

ሸራውን የማውቀው መሰለኝ። የእድራችን የለቅሶ ድንኳን እንዲሁ አረንጓዴ፣ እንዲሁ ወፍራም ነው። የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ደግሞ ያለው እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ድስት ሳይጎድል፣ አንድ አግዳሚ ሳይሰበር ዕቃ ያዥ ሆኜ ኖሬአለሁ፤ በዚህ ሰፈር ያለኝ ስም ይኸው ነው፣ ሌላ የለኝም። ድንኳኑ ተቆርጦ ቢገኝ ሰው የሚለው ይታወቃል። ቁልፉ ከእሱ፣ መቀሱ ከእሷ ይባላል።

ታዲያ ሸራውን ከየት እንዳመጣችው ለምን አትጠይቃትም ትሉኝ ይሆናል። ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል? በእኛ ሰፈር መጠየቅ ነውር ነው፤ መጠርጠር ግን ማንም አይከለክልም። ስለዚህ ባለቤቴ ወጣ ስትል ቦርሳውን ገልብጬ ስፌቱን መረመርኩ። አሸተትኩት። የለቅሶ ቤት ጭስ ሸተተኝ። የተጠራጣሪ አፍንጫ የማይሸተው ነገር የለም።

ከፋሲካ ወዲህ በሰፈራችን ሰው ስላልሞተ፣ ተመስገን ነው፣ ዕቃ ቤቱ አልተከፈተም። መስቀል ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሰው ሁሉ ገበያ ነው ብዬ ሄጄ ከፈትኩት። ውስጡ ጠባብም ጨለማም ነው፤ ስፌት ለማየት አይመችም። ድንኳኑን ጎትቼ አወጣሁና ደጅ ሣሩ ላይ ዘረጋሁት። ጥፋቴ ይህ ነው።

የእድር ድንኳን ያለ ሞት አይወጣም። ከገበያ የሚመለሱ ሁለት ሴቶች አዩኝ፤ ሸክማቸውን አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ማንም አልሞተም አልኩ። አገራችሁን ታውቁታላችሁ፤ ማንም አልሞተም የሚባለው ሰው ሲሞት ነው። መርዶው በወጉ እስኪነገር ድረስ የሚዋሽ ሰው አስተዋይ ይባላል። እኔም በአንድ ጊዜ አስተዋይ ሆንኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሠላሳ ያህል ሰው ከበበኝ፤ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ሳይቀር፣ ሳይነገረኝ ቀረ ብሎ እየተቆጣ፣ ጡሩምባውን በብብቱ ይዞ ደረሰ። ሁሉም የየራሱን በሽተኛ እያሰበ ፊቴን ያጠናል። ድንኳኑን ላናፍሰው ነው አልኳቸው። የእድሩ ሊቀመንበር በትሕትና፣ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አናፍሼው እንደማላውቅ አስታወሰኝ።

በዚህ መሃል የታምሬ እናት መጣች።

የጋሞ ልጅ የትም ቢውል ለመስቀል እናቱ ቤት ነው። ታምሬ ሐሙስ እገባለሁ ብሎ አልገባም፤ ስልኩም ከዚያን ቀን ጀምሮ አይጠራም። ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ስለዚህ ሰዉ የየራሱን ሐሳብ ተወና አንድ ላይ ወደ እሷ ዞረ። ሁለት ሴቶች ማንም ሳያዛቸው ግራና ቀኝ ክንዷን ያዙ። መርዶ የሚነገረው ሰው እንዲህ ነው የሚያዘው። እሷም ይህን ታውቃለች።

«ጋሼ፣ ታምሬ ነው አይደል?» አለችኝ።

አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። አይደለም አልኳት። ልጆቼን ጠርቼ ማልኩላት። በመርዶ ጊዜ መሐላም አይቆጠርም፤ ማንም አላመነኝም። ሴቶቹ ነጠላዋን ሊያዘቀዝቁላት እጃቸውን ሲሰዱ አየሁ። ያኔ ገባኝ፤ እዚያ ቦታ ላይ ሊታመን የሚችለው እኔን የሚያዋርደኝ ነገር ብቻ ነው። ሰው ራሱን ለማዋረድ አይዋሽማ።

«የታምሬ እናት» አልኩ፣ ሠላሳው ሰው እየሰማ፣ «ድንኳኑን ያወጣሁት አንቺን ጠርጥሬ ነው። የቦርሳዎችሽን ሸራ ከዚህ ላይ የቆረጥሽው መስሎኝ ነው።»

እሷ ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ሌባ ናት ብለህ ነው?»

«አዎ።»

«ድገመው።»

ደገምኩት። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለችና ክንዷን ከሴቶቹ አስለቅቃ ድንኳኑ ላይ ቁጭ አለች። ሳቀች፣ አለቀሰችም። በዕድሜዬ ሰው ሌባ ተብሎ እንዲህ ሲደሰት አይቼ አላውቅም።

ድንኳኑ አንድ ጣት አልጎደለበትም። ታምሬም በማግሥቱ ገባ። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት መለዋወጫ ሲጠብቅ፣ ስልኩ ደግሞ ውሃ ገብቶበት ኖሯል። የቦርሳዎቹ ሸራ የእሱ መኪና አሮጌ የጭነት መሸፈኛ እንደሆነም ነገረኝ፣ ሳልጠይቀው። በመስቀል ቂም ይዞ መብላት በጋሞ ነውር ነውና እናቱ ቤቷ ጠርታ በቅቤ የራሰውን የበዓል ምግብ አበላችኝ።

እድሩ ግን እንደ እሷ ቶሎ አልረሳም። ከበዓሉ በኋላ ተሰብስቦ ቁልፉን እንዳስረክብ ወሰነ። ለማን ቢባል፣ ሰዉ በአንድ ድምፅ ለታምሬ እናት አለ። እኔም እጄን አወጣሁ።

በርክክቡ ቀን ሁለታችንም ዕቃ ቤቱ ገባን። በሩን ገርበብ አደረገችው፤ እንደ እኔ ድንኳን ደጅ የምትዘረጋ ሞኝ አይደለችም። የስልኳን መብራት አብርታ ሸራውን ጥግ በጥግ፣ ስፌት በስፌት እየገለጠች አየችው። ድስቶቹን ቆጠረች። አግዳሚዎቹን አንድ በአንድ ነቅነቅ አደረገቻቸው። ከዚያ ቁልፉን ተቀብላ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችና፣

«ጋሼ፣ ጠርጥሬህ እንዳይመስልህ» አለችኝ።