እማማ ዘይነባን ድሃ ለማስባል

እኛ አገር ሰው «እንዴት ነህ?» ሲባል እውነቱን አይናገርም። ይህን የምለው ሰው ለማማት አይደለም፤ እኔም አልናገርም። አንድ ጊዜ ከባጃጅ ስወርድ እግሬ ክፍት ቱቦ ውስጥ ገብቶ ቁርጭምጭሚቴ ወለቀና ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ ደግፈው ሲወስዱኝ፣ አንድ የማውቀው ሰው መንገድ ላይ አገኘኝ። «እንዴት ነህ ጃል?» ቢለኝ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተስ?» አልኩት። እሱም ደህና ነኝ ብሎኝ አለፈ። ለካ ከቀብር እየተመለሰ ነበር። እዚህ አዳማ ደግሞ ነገሩ በሦስት ቋንቋ ነው። አንዱ «ተመስገን» ይላል፣ አንዱ «አልሐምዱሊላህ»፣ አንዱ «ገለትኒ ዋቃፍ»። ቤት ውስጥ የጎደለውን ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አይሉም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ለሰላምታ ይህ ምንም አይጎዳም። የሚጎዳው ጠያቂው መንግሥት ሲሆን ነው።

ከመዝገብ ቤት ሥራ ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ወረዳችን አቅም ላነሳቸው ነዋሪዎች በየወሩ የቀለብና የቤት ኪራይ መደጎሚያ ሊሰጥ ነው ተባለ። በየቀጠናው ድሃ የሚለይ ኮሚቴ ተመረጠ። የእኛ ሰብሳቢ ኦቦ ቶሎሳ ሆኑ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከመቂ ሽንኩርት ሲያስጭኑ የኖሩ፣ የሰው ፊት አይተው ኪሱን የሚያውቁ ደላላ ናቸው። እኔ ጸሐፊ ሆንኩ። ለችሎታዬ እንዳይመስላችሁ፤ የእጅ ጽሑፉ ይነበባል ተብዬ ነው። ከወረዳው ደግሞ ጫልቱ የምትባል ወጣት ባለሙያ ታብሌት ይዛ መጣች። ጥያቄው ያለው ታብሌቱ ውስጥ ነው። መላሹ ባለጉዳዩ ራሱ ነው። ፈራጁም ታብሌቱ ነው፤ አረንጓዴ ካበራ ሰውየው ድሃ ነው፣ ቀይ ካበራ አይደለም። «እኛስ ምን እንሠራለን?» ብለን ጠየቅናት።

«አብራችሁኝ ትዞራላችሁ» አለች።

መጀመሪያ የሄድነው አቶ ታደሰ ጋ ነው። ቀድሞ የተመዘገበ እሱ ነበራ። አቶ ታደሰ ሁለት ባጃጅ አለው፤ ግቢው ውስጥም ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሚሠሩ ልጆች የሚያከራያቸው አራት ክፍሎች አሉት። ይህን ቀጠናው በሙሉ ያውቃል፤ ታብሌቱ ግን ለሰፈሩ እንግዳ ነው። ባጃጆቹ የሚስቱ ወንድም ናቸው ተባለ፣ ክፍሎቹ የአማቱ። ጫልቱ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመገብ ስትጠይቀው፣ ጥርሱ መሐል የነበረውን ስቴኪኒ አወጣና «መብላት የሚባለውንማ ከተውነው ቆየን» አላት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ታብሌቱ አረንጓዴ አበራ።

ቀጥሎ እማማ ዘይነባ ጋ ገባን። እማማ ዘይነባ ከወሎ በሙሽርነት የመጡ ናቸው። ሞጆ ላይ ከባድ መኪና ይነዳ የነበረው ባላቸው ከሞተ በኋላ፣ ጉልበታቸው እምቢ እስኪል ድረስ ቲማቲም ሲቸረችሩ ኖሩ። አሁን አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን አንድ ቀን እየዘለሉ እንደሚወስዱ ባለፋርማሲው ነግሮናል። አከራያቸውም ቤቱን «ላድሰው ነው» ብሏቸዋል፤ በእኛ ሰፈር ይህ ቃል «ውጪልኝ» ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከእሳቸው በላይ ይህ ድጎማ የሚገባው ሰው ከተገኘ ጡረታዬ ይቅርብኝ።

«እማማ፣ በቀን ስንት ጊዜ ይመገባሉ?» አለች ጫልቱ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ። ጠግበን ነው የምናድረው።»

«ቤቱ ያፈሳል?» ይህን ስትጠይቅ ወለሉ መሐል ግማሽ ድረስ የሞላ ሳፋ ተቀምጧል።

«አልሐምዱሊላህ። ዝናብ እኮ የአላህ ረህመት ነው።»

«የጤና እክልስ?»

«ሰው ሆኖ የማይታመም ማን አለ ብለሽ? አልሐምዱሊላህ።»

«የሚረዳዎት አለ?»

«አላህ አለ።»

ጫልቱ ትንሽ አሰበችና «አለ» የሚለውን ነካችው። ታብሌቱ ቀይ አበራ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። እማማ ባዶ አፋችሁን አትወጡም ብለው ጥግ ካለችው ቅል ቆሎ አውጥተው በሰፌድ አቀረቡልን። ኦቦ ቶሎሳ አንድ ጊዜ ዘገኑና ቅሏን አዩዋት። ባዶ ነበረች። የዘገኑትን መልሰው ሰፌዱ ላይ ሊያደርጉ ሲሉ እማማ እጃቸውን ያዟቸው።

ደጅ ወጥተን ጫልቱን ለመንናት። «ባለጉዳዩ ያላለውን ብሞላ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ» አለች፤ እውነቷን ነው። ኦቦ ቶሎሳ ተመልሰው ገቡ። «እማማ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ ቸግሮኛል ይበሉ።»

«ለማን?»

«ለዚች ልጅ።»

«ጌታዬን ለሰው ልክሰስ?» አሉ።

እኔም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል እኮ» ብዬ ጣልቃ ገባሁ።

«አልደበቅሁም፤ እሱ ያውቀዋል» አሉኝ።

ሁለተኛ ጊዜ ሄድን፤ ያው ነው። ጎረቤት ይመስክርላቸው ብንል ታብሌቱ የጎረቤት ቦታ የለውም። «ማል ጎና?» አሉ ኦቦ ቶሎሳ፤ ምን እናድርግ ማለታቸው ነው። ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ለሦስተኛ ጊዜ ገባን፤ ተስፋ ስለቆረጥን ስለ ቅጹ ያነሳም የለ። ኦቦ ቶሎሳ ስለ ድሮ የቲማቲም ገበያ ያጫውቷቸው ጀመር። እማማም ጨዋታው ደስ አላቸውና ባላቸው የሞተበትን ዓመት አነሱ። «ያኔማ ክፉ ቀን ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ እሳት ሳይነድ የዋልኩበት ጊዜ ነበር። አለፈ።»

ኦቦ ቶሎሳ ከዘራቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ትናንትስ እማማ? ትናንት ምሳ ምን ነበር?»

«ትናንትማ ምሳ አልነበረም» አሉ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው። «አለፈ።»

ገባችሁ? አሁን ያለ ችግርን መናገር ክስ ነው፤ ያለፈ ችግርን መናገር ግን ጨዋታ ነው። ጫልቱ ታብሌቷን ከቦርሳዋ መዥረጥ አድርጋ አወጣችና ጥያቄውን በሙሉ ወደ ትናንት አዞረችው። ቤቱ እስከ ዛሬ ጠዋት ያፈስ ነበር? ሌሊቱን ሲያፈስ ነው ያደረው። መድኃኒቱስ ባለፈው ሳምንት ነበር? ሦስት ቀን ነበር፣ አራት ቀን አልነበረም። በደንብ እየሳቅን መጨረሻው ጥያቄ ላይ ደረስንና፣ ጫልቱ «እስከ አሁን የሚረዳዎት ሰው ነበር?» አለች።

እማማ የነጠላቸውን ጫፍ ሲያፍተለትሉ ቆዩና «አልነበረም» አሉ።

ከዚያ በኋላ ማናችንም አልሳቅንም። ታብሌቱ አረንጓዴ አበራ።

ድጎማው ለሦስት ዓመት ተፈቀደላቸው። አከራያቸውም ይህን ሲሰማ ቤቱ እድሳት እንደማያስፈልገው ተገለጠለት። አቶ ታደሰን ግን ወረዳው የባጃጆቹን ሊብሬ አገላብጦ ስሙን ስላገኘበት ሰረዘው።

እዚህ ላይ ብንቆም ጥሩ ነበር። ግን ሰፈር ሰፈር ነው፤ የሆነውን አይቶ የራሱን ትርጉም ይሰጣል። ያለቀሰው ታደሰ ተሰረዘ፣ አልሐምዱሊላህ ያሉት ዘይነባ አገኙ፤ ስለዚህ መንግሥት የሚወደው ምስጋና ነው ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ምዝገባ ሲከፈት ቀጠናው ሙሉ ለሙሉ አመስጋኝ ሆኖ ጠበቀን። ሦስት ልጆች ይዛ ልብስ በማጠብ የምትኖረው ሴት ሳትቀር «ሞልቶልናል» አለችን። አቶ ታደሰ «ጠግበን ነው የምናድረው» ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ተናገረ። እኛም ብልጠታችንን አስታውሰን ወደ ትናንት ዞርን። አወይ ሞኝነት። ምሥጢሩ ቀድሞን ወጥቷል። «ትናንትም ተመስገን ነበር» ይላሉ። ጫልቱ ቀኑን ሙሉ ስትዞር ውላ አንዲት አረንጓዴ ሳታይ ማታ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰች።

እማማ ዘይነባ ወሬውን ሲሰሙ ግራ ገባቸው። «እኔ የምለው ለሱ ነው» አሉኝ። «እነሱ ለማን ነው የሚሉት?»

ከወር በኋላ ወረዳው ደብዳቤ ጻፈልን። ቀጠናችን አንድም አዲስ ችግረኛ ያልተገኘበት በመሆኑ እንኳን ደስ ያላችሁ ይልና፣ ለእኛ የተያዘው ኮታ ወደ ሌላ ቀጠና መዛወሩን በትሕትና ይገልጻል። ደብዳቤውን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩት። ሰው ተሰበሰበ፤ ማጉረምረም ተጀመረ። ልብስ አጣቢዋ ከኋላ ቆማ የሰውን ፊት ታያለች፤ ማንበብ አትችልምና ነገሩ ከፊታችን ላይ ነው የገባት። አቶ ታደሰ ሁለት ጊዜ አንብቦ ወደ እኔ ዞረ።

«ይግባኝ ይባላል?»

«ይባላል» አልኩት። የይግባኙን ቅጽ ሳሳየው አንብቦ መልሶ ሰጠኝ። የመጀመሪያው መስመር «ቀደም ሲል የሰጠሁት መልስ ሐሰት ነበር» ይላል፤ ከሥሩ ሙሉ ስም፣ ፊርማና የሁለት ጎረቤት ምስክር ይጠይቃል።

የዚያኑ ቀን ወደ ልብስ አጣቢዋ ቤት አንዱን ቅጽ ይዤ ሄጄ ነበር። አነበብኩላት። እጇን ከሳሙናው አውጥታ በቀሚሷ አደረቀችና «ልጆቼ እናታችን ዋሸች ይበሉ?» አለችኝ። ቅጹን አጥፌ ወጣሁ።

የቅጹን አርባ ኮፒ አስነስቼ ነበር። አርባውም አለ።