ጋሽ ቼክ እና የተቆለፉ በሮች

በየሕንፃው ፀሐይ በምሥራቅ በኩል መውጣቷን ካላረጋገጠ ቁርስ የማይቀምስ አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛ ሕንፃ ይህን ሰው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእኔ በር ፊት ለፊት አኑሮልኛል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሊፍት ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ ስለሌለ ክቡር ጋሽ ቼክ እንላቸዋለን።

ጋሽ ቼክ ከእንግሊዝኛ የወሰዱት ይህችኑ አንዲት ቃል ነው፤ ግን እንደሳቸው የሠራባት የለም። ሰላምታቸው «ቆልፈሃል? ቼክ አርገሃል?» ነው። መሰላል አውሱኝ ሲባሉ «ቼክ ላርግ» ካሉ፣ አላውስም ማለት ነው። የታመመ ዘመድ ሊጠይቁም ሲወጡ «ቼክ ላርገው» ይላሉ። ሐብሐብ ሊገዙ በጣታቸው ማንኳኳት ከጀመሩ ሻጩ ምሳውን በልቶ ይመለሳል። ባለቤታቸውን ለጋብቻ የጠየቁትም «እሺ ትይ እንደሆነ ቼክ ላርግ ብዬ ነው» ብለው ነው አሉ። «እስካሁን እያረጋገጠ ነው» ይላሉ ባለቤታቸው እትዬ።

እኔን ያንገበገበኝ የበሬ እጀታ ነው። ጠዋት ቆልፌ ደረጃውን ሳልጨርስ፣ ከላይ ሁለት ጊዜ ሲወዘወዝ እሰማለሁ።

«ጋሼ፣ ቆልፌዋለሁ እኮ።»

«መቆለፍማ ቆልፈሃል። የሊፍት ፍሬን ሁለቴ ነው የሚሞከረው፤ አንዴ ለአለቃ፣ አንዴ ለተሳፋሪው።»

እኔ ተሳፋሪ አይደለሁም፣ በሬም ሊፍት አይደለም። ግን ማን ይሰማኛል?

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ቼክ ልባቸውን አመማቸውና ሆስፒታል ገቡ። በማግስቱ በሬን ቆልፌ ወረድኩ፤ ከላይ ምንም ድምፅ የለም። ግልግል ነው ብዬ ነበር፤ ግን ደረጃው ላይ ቆሜ ጥቂት አዳመጥኩ።

ልጠይቃቸው ሄድኩ። እትዬ አልጋው ሥር ተቀምጠዋል። ነርሷ «ነገ ቀዶ ጥገና አላቸው፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አላቸው» አለችኝ። እሷንም ጉሉኮሱን ደጋግመው አስፈትሸው አሰልችተዋታል።

«ምነው፣ ሥራ የለህም?» አሉኝ ጋሽ ቼክ።

«ቼክ ላርግዎት ብዬ ነው።»

ፈገግ አሉ፤ ዓይናቸው ግን ከጉሉኮሱ አልተነሣም። ጋሽ ቼክ ፈርተዋል። ፈርተው አይቻቸው ስለማላውቅ እኔም ፈራሁ።

«እትዬህ ስንወጣ በሩን ቆልፌያለሁ ትላለች» አሉ ቀስ ብለው።

«እትዬ ካሉማ ቆልፈዋል።»

«ቼክ አርገሃል?»

አላደረግኩም። ከሆስፒታሉ በቀጥታ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁና እጀታቸውን ወዘወዝኩት፤ ተቆልፏል። የሚያየኝ ሰው አለመኖሩን ዞር ብዬ አየሁና ደግሜ ወዘወዝኩት። ከዚያ እዚያው በራቸው ላይ ቆሜ ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ተቆልፏል።»

«ስንቴ?»

«ሁለቴ።»

ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ።

«በል እንግዲያው» አሉኝ፣ «ትንሽ ልተኛ።»