በጥቁር ፕሮፋይል እናቴን የገደልኩ ዕለት

እናንተዬ፣ ዛሬ ቤታችን ለቅሶ ነበር። ሟች ገበያ ሄዳ ነበር!

ቆይ፣ አትሳቁ። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ለነገሩ ግማሾቻችሁ ድንኳኑ ስር ነበራችሁ።

እንደምታውቁት (አታውቁም፣ ነግሬያችሁ አላውቅም!) ከተመረቅኩ ወዲህ አንድ ነገር ሆኛለሁ። ሀዘን አልለውም፤ ሀዘን ቢሆን አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። ይሄ ባዶ ነገር ነው። ኳየር እወድ ነበር፣ ተውኩት። እማ በበቆሎ ዱቄትና በሀለኮ (ሽፈራው) ቅጠል የምትሠራው ኩርኩፋ ነፍሴ ነበር፣ አሁን ካርቶን የማኝክ ይመስለኛል። ላይኛው ሰፈር ሴቻ ወጥቼ ሐይቆቹን ቁልቁል ማየት እወድ ነበር። አሁን ውሃ ናቸው። በቃ፣ ውሃ።

እማ "ምን ሆንሽ?" ስትለኝ "ደክሞኝ ነው" እላለሁ።

ከምን ሥራ? ሥራ የለኝም እኮ!

ለምን አልነገርኳትም? እማ ብቻዋን ያሳደገችኝ አስተማሪ ናት። የምረቃ ፎቶዬን ሳሎን ላይ ሰቅላ እንግዳ በመጣ ቁጥር አቧራውን የምትጠርግ ሴት ናት። "እማ፣ ምንም ነገር አያስደስተኝም" ብዬ እንዴት ልንገራት? ልፋቷን የሰደብኩ መሰለኝ።

ትናንት ከሰዓት ፌስቡክ ስከፍት ፕሮፋይሌ ላይ ያቺው ፎቶ አለች። ጋዋን ለብሳ፣ ጥርሷን ገልጣ ትስቃለች። አስጠላችኝ! ይቺ ደግሞ ማናት አልኩ። አነሳኋትና ጥቁር አደረግኩት። ጥቁር ብቻ፣ ጽሑፍ የለው፣ ምን የለው። ስልኬን አጥፍቼ ተኛሁ።

አዎ፣ አውቃለሁ። እዚህ አገር ፕሮፋይል ሲጠቁር ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም። ከእኔ በቀር!

ዛሬ ጠዋት በር ተንኳኳ። ስከፍት ምህረት ናት፤ ኳየር አብራኝ የዘመረች ጓደኛዬ። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። ገና ሳልጠይቃት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ለቅሶዋን ለቀቀችው።

እኔ ምን መሰለኝ? ገባት! ሳልነግራት የሆንኩት ገባት!

ለወራት አንዲት እንባ ጠብ ያላለኝ ሴትዮ አብሬያት ተንሰቀሰቅኩ። "አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ" ትለኛለች። ሰው እንዲህ ሰውን ይረዳል እንዴ ብዬ ተገረምኩ።

ከዚያ ኳየሩ በሙሉ መጣ።

"ምህረት፣ ለሁሉም ነገርሽ እንዴ?" አልኳት በጆሮዋ። አፈርኩ።

ከዚያ እትዬ አስካለ መጡ። በውሃ ቧንቧ ከተጣላን ወዲህ ሰላም የማንባባላቸው ጎረቤታችን! ንፍሮ በሳፋ አሸክመው ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። ለእኔ ሙድ ንፍሮ?

ከዚያ ጋሽ ጦና፣ የእድራችን ዳኛ፣ ወንዶቹን አስከትለው ድንኳን በጋሪ አስጭነው ደረሱ። የታችኛው ሰፈር የሲቀላ ባጃጆች አግዳሚ ወንበር ያመላልሳሉ፣ ሒሳብ የሚጠይቅ የለም። እኔ ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ቆመ! ማንም አልጠራቸው፣ ማንም አላዘዛቸው።

"ጋሽ ጦና፣ ማን ሞቶ ነው?"

ጋሽ ጦና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ልጄ፣ ድንጋጤው ነው እንዲህ የሚያደርግሽ። እናትሽ በጣም ጥሩ ሰው ነበሩ።"

እማ?

እማ በማለዳ ስልኳን ቻርጅ ላይ ትታ ወጥታለች። የት እንደሄደች አልጠየቅኩም፤ እኔ መጠየቅ ካቆምኩ ቆይቻለሁ። አሁን ግቢው ሙሉ ሰው ያለቅሳል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታስባላችሁ? ጥቁሩ ፕሮፋይል ጭራሽ ትዝ አላለኝም። ራሴ የለቀቅኩት መርዶ ሰፈሩን ዞሮ ለእኔው ተነገረኝ። እኔም አመንኩት!

ጮህኩ። ምንም አይሰማኝም ስል የከረምኩት፣ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ተሰማኝ። "እማዬ! ሳልነግርሽ! ሳልነግርሽ!" እያልኩ መሬት ላይ ተንከባለልኩ።

ይሄኔ ነው አንድ ባጃጅ በራችን ላይ የቆመው።

ሟች ወረደች።

በአንድ እጇ የሀለኮ ቅጠል፣ በሌላው የበቆሎ ዱቄት ይዛለች። ድንኳኑን አየች። ነጠላ የዘቀዘቁትን ሴቶች አየች። እስቲ አስቡት፤ እማ ቤት ትታው የወጣችው ሰው አንድ ብቻ ነው። እኔ።

የዱቄቱ ፌስታል ከእጇ ወደቀ።

"ልጄን! ወይኔ ማርታዬን! አውቄ ነበር እኮ! አለመብላቷን አውቄ ነበር! በር ዘግታ መዋሏን አውቄ ነበር! ብጠይቃት ትከፋብኛለች ብዬ ዝም አልኩ! ኩርኩፋ ልሥራላት ብዬ ትቻት ሄድኩ!"

እኔ ውስጥ ሆኜ ለእሷ፣ እሷ በር ላይ ሆና ለእኔ፣ በቁማችን ተላቀስን።

ከዚያ ተያየን።

እትዬ አስካለ ሳፋውን ለቀቁት። አንዱ የኳየር ልጅ "በኢየሱስ ስም!" ብሎ አጥር ዘለለ፣ እስካሁን አልተመለሰም።

እማ ሮጣ መጥታ ፊቴን ዳበሰች፣ ፀጉሬን፣ እጄን። ከዚያ በጥፊ አለችኝ። ከዚያ እንደገና አቀፈችኝ።

"ማነው የሞተው?" አለች ወደ ሰዉ ዞራ።

ምህረት ስልኳን አወጣች። ጥቁሩ ፕሮፋይሌ! ከሥሩ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" በላይ በላዩ ተደርድሯል። አንዱ "እናቷ ናቸው መሰለኝ" ብሎ ኮመንት አድርጓል። ሌላው "መሰለኝ" የምትለዋን ትቶ ሼር አድርጎታል!

"ይሄ ምንድነው?" አለችኝ እማ።

የሰው ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ነው። ስልኩ ተበላሽቶ ነው ማለት እችል ነበር። ሃክ ተደርጌ ነው ማለት እችል ነበር፤ አገር ሁሉ እንደዚያ አይደል የሚለው?

"ደህና አይደለሁም፣ እማ" አልኳት። "እንዲህ ከሆንኩ ቆየሁ።"

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ጦና ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ።

"በሉ እንግዲህ፣ ተቀመጡ" አሉ። "ልጅቷ ደህና አይደለሁም እያለች ወዴት ነው የምንሄደው?"

ተቀመጡ! እስካሁን ማመን ያቃተኝ ይሄ ነው። ሟች የለችም፣ ለቅሶ የለም፣ ግን አንድ ሰው ወደ ቤቱ አልሄደም። ቡና የሚያመጣው ያመጣል፣ ሙዝ የሚያመጣው ያመጣል። እትዬ አስካለ ከመሬት የተረፈውን ንፍሮ አፌ ውስጥ ከተቱ። ጨው በዝቶበታል። እናንተ፣ ጨው እንደበዛበት አወቅኩ እኮ! ነገርኳቸው። እንደገና ተኳረፍን።

ከሰዓት አጎቴ፣ የእማ ወንድም፣ ከዶርዜ አይሱዙ ሙሉ ሰው ይዞ ወረደ። መንገድ ላይ ኔትወርክ የለ፣ የሚነግረው የለ። በደጋው የለቅሶ ወግ ጦሩን ይዞ እየሸለለ ሲገባ እማ ራሷ ወጥታ ተቀበለችው። ጦሩን አጥሩ ላይ አስደገፈ። አተኩሮ አያት። ከዚያ ብትሞት ከሚያለቅሰው በላይ አለቀሰ።

ድኛለሁ አልላችሁም። ያ ባዶ ነገር አሁንም አለ፤ ነገ ጠዋትም አልጋዬ ላይ የሚጠብቀኝ ይመስለኛል። ግን ሰኞ ከእማ ጋር ሐኪም ቤት እንሄዳለን። ዛሬ አብራኝ ነው የምትተኛው፤ እኔ ለምኜ ሳይሆን እሷ አዝዛ።

አሁን ስልኳን ይዛ ኮመንቶቻችሁን እያነበበች ነው። ደግነቷን የጻፋችሁትን ላይክ ታደርጋለች። ያልጻፋችሁትን "አይታ ዝም አለች?" እያለች በስም ትጠራለች፣ ጠንቀቅ በሉ! ጥቁሩን ፕሮፋይል ላንሳው ስላት "ቆይ፣ አልጨረስኩም" አለችኝ።

እኔን ግን አንድ ነገር እየከነከነኝ ነው። ሰው ለእናቱ "ደህና አይደለሁም" ለማለት መጀመሪያ እናቱን መግደል አለበት እንዴ?