ሳይጠይቅ የሚያድሰው ትእዛዝ

እኛ ዘንድ ጥያቄ ተጠይቆ እስኪያልቅ መጠበቅ እንደ ትዕቢት ሳይቆጠር አይቀርም። የታክሲው ረዳት «ትንሽ ጠጋ…» ሲል ጠጋ ብለናል፤ የት እንደምንጠጋ የምናየው በኋላ ነው። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ብለው ያሳደጉን ሰዎች ክፋት አስበው አልነበረም። ኮምፒውተር ፊት ስንቀመጥ ግን ይኸው መልካም ጠባያችን ጉድ ይሠራናል። ስክሪኑ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ሳይጨርስ ጣታችን «አዎ»ን ተጭኗል። እስቲ እውነቱን ተናገሩ፤ አንድ ቀን እንኳ አንብባችሁ ታውቃላችሁ?

እኔም አላውቅም። ልዩነቱ እኔ በዚህ ሥራ ደመወዝ የምበላ ሰው መሆኔ ነው። ገርጂ ባለ አንድ የግል የሕክምና ላብራቶሪ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። እዚያ ያሉትን ፕሮግራሞች ሁሉ በአንድ ትእዛዝ የሚያድስ ትንሽ መሣሪያ ራሴ ሠርቻለሁ። ስክሪኑ ላይ ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት «አድስ» ብሎ መጻፍ ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚያድሳቸውን ፕሮግራሞች ይዘረዝርና «ልቀጥል?» ይል ነበር። ዝርዝሩን ማንም እንደማያነበው ሳይ ጊዜ አሻሻልኩት፤ ዝርዝሩንም ጥያቄውንም አወጣኋቸው። ዝም ብሎ የሚሠራ፣ ጨዋ መሣሪያ ሆነ።

ባልደረባዬ ሀይረዲን ግን አልወደደውም። «ቢያንስ ምን እንደሚነካ ያሳየን፤ አንዳንዱን ደግሞ አትንካ የምንልበት መንገድ ይኑረው» አለኝ። እሺ አልኩት። በሳምንቱ መጣና ያንኑ ደገመልኝ፤ እሺ አልኩት። የእኛ እሺ መቼ ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ገና ሰው ሳይበዛ፣ «አድስ» ብዬ ጻፍኩ። ሁሉም በሰላም አለቀ፤ ወይም እኔ እንደዚያ መሰለኝ። ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ገመቹ የሚባሉ ሽማግሌ የደም ብልቃጥ በእጃቸው ይዘው ሲያለከልኩ ገቡ። ልጃቸው ጉርድ ሾላ አካባቢ አንድ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ትርፍ አንጀቷ ሊፈነዳ ተቃርቧል፤ ሐኪሙ ደግሞ የደሙን ውጤት ሳያይ ቢላ አላነሳም ብሏል። የላብራቶሪው ኃላፊ ሌንሴ ብልቃጡን ተቀብላ ማሽኑ ውስጥ አስገባችው። ማሽኑ መልሶ ተፋው።

ደግማ አስገባች። ደግሞ ተፋው። ይህ ማሽን ከኮምፒውተሩ ትእዛዝ ካልደረሰው ብልቃጥ አይቀበልም፤ ትእዛዙን የሚያደርስለት ፕሮግራም ደግሞ እኔ ካደስኳቸው አንዱ ነበር። ማሽኑና አዲሱ ፕሮግራም በቋንቋ አልተግባቡም። ወደ ድሮው እንዳልመልሰው የድሮው የትኛው እትም፣ ቁጥሩም ስንት እንደነበር አላውቅም፤ እንዲህ ያለውን ወሬ እንዳይነግረኝ መሣሪያውን ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

«እስከ ሦስት ሰዓት ካልተነሳ ብልቃጡን መገናኛ ወዳለው ላብራቶሪ እወስደዋለሁ» አለች ሌንሴ። ያን ጊዜ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። የመገናኛን መንገድ በዚያ ሰዓት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ደርሶ፣ ተራ ጠብቆ፣ ውጤት ይዞ እስኪመለስ አንጀቱ ይጠብቃል? ጋሽ ገመቹ አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው በኦሮምኛ ይጸልያሉ። ስልካቸው ሲጠራ ያነሱና «እየሠሩ ነው፣ እየሠሩ ነው» ይላሉ። ፈራሁ። አንዱን ቃል ሦስቴ አሳስቼ ጻፍኩት።

ይኼኔ ሀይረዲን ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። የፕሮግራሞቹ ዝርዝር ከነቁጥራቸው፣ ትናንት ማታ ከስክሪኑ ላይ የተነሳ ፎቶ!

«ይህን ለምን አነሳኸው?»

«ስለማላምንህ» አለኝ። «በየማታው አነሳለሁ። በል ጻፍ!»

እሱ እያነበበ እኔ ጻፍኩ። የድሮው ፕሮግራም ከኢንተርኔት መውረድ ጀመረ። አሥር በመቶ። አሥራ አንድ። ሠላሳ ላይ ቆመና ኔትወርኩ የጠፋ መሰለ። ሌንሴ ብልቃጡን በበረዶ መያዣ አድርጋ በሩ ላይ ቆማለች፤ የላብራቶሪው መኪና ሞተሩ ተነስቶ ይጠብቃል። «ልሂድ?» ትለኛለች። አንደበቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ ማለት አቃተው። አርባ። ሰባ። ለሦስት ሰዓት አራት ደቂቃ ሲቀር ሌንሴ ተመልሳ ብልቃጡን አስገባች፤ ማሽኑም ተቀበለው፤ እኔም ወንበሬ ላይ ተዘርፍጬ ላቤን ጠረግሁ።

ልጅቷ በሰላም ከቀዶ ጥገና ወጣች። እኔም ያንኑ ቀን መሣሪያውን በትክክል አሻሻልኩት። አሁን የሚነካውን ሁሉ አስቀድሞ ይዘረዝራል፤ አትንካ የተባለውን አይነካም፤ የድሮውን ቁጥር መዝግቦ ያስቀምጣል። «አዎ» ማለትም ቀርቷል። የሚታደሰውን ፕሮግራም ስም ሙሉ በሙሉ፣ ፊደል በፊደል ካልጻፋችሁለት ንቅንቅ አይልም። ሰዎቹ ያማርራሉ፤ ያማርሩ።

ዓርብ ዕለት ጋሽ ገመቹ አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዘው ከች አሉ። «ያን ዕለት ማሽኑን ያስነሳልኝ ማን ነው?» አሉ። ሌንሴ ወደ እኔ ጠቆመች። አልዋሸችም። ሀይረዲን አጠገቤ ተቀምጧል፤ ሽማግሌው በእሱ ራስ ላይ ተንጠራርተው ቀኝ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«የኔ ልጅ፣ አንተ ባትኖር እኮ ልጄ አልቆላት ነበር። እጅህ ይባረክ!»

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ሀይረዲን አየኝ፤ ሌንሴም አየችኝ፤ ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«አሜን» አልኩ።