ሳሩ እንዳይታጨድ

የከተማችን ስፖርት ጽሕፈት ቤት በታሪኩ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ይህን በድፍረት የምጽፈው ከቅርብ ስላየሁት ነው፤ አጎቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የጽሕፈት ቤቱ ሜዳ ጠባቂ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳር አጠጣ፣ ሳር አጨደ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሜዳው ላይ ንግግር እንጂ ጨዋታ ተደርጎ አያውቅም። ጡረታ ሊወጣ ሦስት ወር ሲቀረው ዓለም አቀፍ የወንዶች የሆኪ ውድድር እንደምናስተናግድ ተነገረ። አጎቴ የጎረሰውን ሳይውጥ፣ "እንግዲህ አንድ ጨዋታ አይቼ ልወጣ ነው!" አለ።

ወዲያው ታላቁ አስተናጋጅ ኮሚቴ ተቋቋመ። ከተጋባዦቹ የአንዱ ቡድን ፎቶግራፍም ደረሰ። ክቡር ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው አዩት፣ አወለቁና ደግመው አዩት።

"ሁሉም ከዘራ ይዘዋል" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"እግራቸውም ታስሯል" አለች ጸሐፊዋ፣ ከካልሲው ሥር ያበጠውን በእስክሪብቶ እያሳየች። "ይሄኛውማ ሁለቱም እግሩ በጀሶ ነው። ፊቱንም ሸፍነውታል፤ ምስኪን!"

ምስኪኑ ግብ ጠባቂው ነበር።

አጎቴ ለስብሰባው ወንበር ሊያስገባ መጥቶ በር ላይ ቆሟል። "ጌታዬ፣ በሽተኞች እኮ አይደሉም። ፀጉር አስተካካዩ ቤት ቴሌቪዥን ላይ አይቻለሁ። በዚያ ዱላ ኳስ ይመታሉ፤ ብርቱካን የምታህል፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረች። ሳሩ ተላጭቶ ምንጣፍ መምሰል አለበት።"

"አንተ ሐኪም ነህ?"

"ሳር አጫጅ ነኝ።"

"እንግዲያው ስለ ሳር ብቻ ተናገር።"

"ስለ ሳር እኮ ነው የተናገርኩት!"

ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይላል፦ "የክቡራን እንግዶቻችንን የአካል ሁኔታ ከግምት ውስጥ በማስገባት፣ ሲወድቁ እንዳይጎዱ፣ ሳሩ እንዳይታጨድ፣ ይልቁንም በስፋትና በጥልቀት እንዲያድግ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።" የማጨጃው መኪና ቁልፍ በሰብሳቢው መሳቢያ ውስጥ ገባ። የእንግዶቹ ቢሰበር ተብሎ ሰባት መጠባበቂያ ከዘራ ተዘጋጀ።

ዝናቡም ውሳኔውን አከበረ። ሳሩ ቁርጭምጭሚት አለፈ፣ ጉልበት ደረሰ።

"ጋሼ፣ እንዴት አማረ!" አለች ጸሐፊዋ በመስኮት።

"ላም ቢኖረኝ አመሰግንሽ ነበር" አለ አጎቴ።

አራት ቡድን ተጠርቶ ሁለት መጣ። ኮሚቴው ከሆስፒታል በተዋሰው ዊልቸር ግራና ቀኝ ተሰልፎ ጠበቀ። አውቶቡሱ ሳይቆም ተጫዋቾቹ እየዘለሉ ወረዱ። ሰብሳቢው ሮጠው የአምበሉን ክንድ ያዙ፤ አምበሉ የስልክ እንጨት የሚያህል ጎረምሳ ነው።

"ቀስ በል የኔ ልጅ፣ ደረጃ አለ!"

አምበሉ ቋንቋውን አያውቅም። የሚያለከልኩ አዛውንት ክንዱን ጨብጠውታል፤ ሊወድቁ መሰለው። በአክብሮት አቅፎ ዊልቸሩ ላይ አስቀመጣቸውና ከነወንበሩ አንስቶ ደረጃውን ወጣ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሰብሳቢው አንድ ሰዓት የፈጀውን ንግግር ያሰሙት እዚያው እንደተቀመጡ ነው። እንግዶቹ በአዛውንቱ ጽናት ተደንቀው ቆመው አጨበጨቡላቸው፤ አንዱማ እንባውን ጠረገ።

ፊሽካ ተነፋ። አንዱ ኳሷን መታ፤ ጠፋች። ሃያ ሁለት ሰው አጎንብሶ ሳሩን በዱላ ይቀጠቅጥ ጀመር። ዳኛው ሳይቀር እየዳኸ ገባ።

"እዩልኝ እንግዲህ!" አሉ ሰብሳቢው። "እንዴት ያለ ቅንጅት! ማን ነው እየመራ ያለው?"

"እኩል ናቸው" አለች ጸሐፊዋ።

ሠላሳ ደቂቃ እንደዚያው ተፈለገ። አጎቴ መቆም አቃተው። "ጌታዬ፣ ቁልፉን ይስጡኝ። ቶሎ እጨርሳለሁ።"

"ውሳኔ የሚሻረው በውሳኔ ነው። ሰኞ እንሰበሰባለን።"

"እንግዶቹ እኮ እሁድ ይሄዳሉ!"

"የሚቸኩሉት እነሱ ናቸው፤ እኛ የት እንሄዳለን?"

አጎቴ ከዕቃ ቤቱ ማጭዱን አምጥቶ ጎሉ ሥር ተንበረከከ። እኔም ከተመልካቹ መሐል ገብቼ አብሬው ነቀልኩ። አምበሉ ትንሽ አየንና ዱላውን ጥሎ የታጨደውን ይሰበስብ ጀመር፤ ግብ ጠባቂው በእነዚያ በወፋፍራም እግሮቹ እየተንገዳገደ ክምሩን ይገፋል። ከሰዓት በኋላ ከጎል እስከ ጎል የምትደርስ፣ ስምንት እርምጃ የምትሰፋ መንገድ ወጣች። እዚያች ላይ ተጫወቱ። ኳሷ ጧ! ስትል ተሰማች፤ ስትሮጥም ታየች። አጎቴ ክምሩ ላይ ተቀምጦ፣ እጁ እስከ ክርኑ አረንጓዴ ሆኖ ይስቃል፤ የጎደለ ጥርሱ ሁሉ ይቆጠራል። ጎል ሲገባ ባርኔጣውን ወደ ሰማይ ወረወረው። ያልታጨደው ውስጥ ወደቀ፤ ፈልገን አጣነው።

ሰኞ ኮሚቴው በሰዓቱ ተሰበሰበ። "የእንግዶችን ደኅንነት አደጋ ላይ በመጣል" የሚል ደብዳቤ ተጻፈና አጎቴ ጡረታው ሳይደርስ ተሰናበተ። እሱ ደብዳቤውን አንብቦ እንደገና ሳቀ። "አንድ አየሁ እኮ" አለኝ። ክረምቱ ሲያልቅ እሱም አለፈ።

ጽሕፈት ቤቱ ውለታ አይረሳም። ሰብሳቢው ቀብሩ ላይ "ሳር ወዳዱ ባልደረባችን" ብለው አለቀሱ፤ የምር ነበር ያለቀሱት። ሜዳው በስሙ ተሰየመ፣ መሐሉ ላይም ጉልበት የሚደርስ የመታሰቢያ ድንጋይ ተተከለ። ለክብሩ ሲባል ሳሩ ከእንግዲህ በማንም እንዳይነካ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ባለፈው ሐሙስ የሙት ዓመቱን ለማሰብ ሰብሳቢውና ኮሚቴው አበባ ይዘው መጡ። ሳሩ ደረት ደርሷል፤ ድንጋዩ የለም። ማጭዱን ይዤ ዳር ቆሜ ነበር።

"ክቡር ሰብሳቢ፣ ልጨድልዎ?"

"የገዛ አጎትህን ክብር?" ብለው ተቆጡኝ።

ሰባቱን መጠባበቂያ ከዘራዎች አስመጡና ኮሚቴው በሙሉ ድንጋዩን ፍለጋ አጎንብሶ ሳሩን እየቀጠቀጠ ገባ። ብዙ ከቆዩ በኋላ ጸሐፊዋ አንድ ነገር በከዘራዋ ጫፍ አነሳች፤ የአጎቴ ባርኔጣ ነው።

በመንገድ የሚያልፍ አንድ ሰው አጥሩን ተደግፎ ሲመለከት ቆይቷል። "ጎል!" ብሎ ጮኸ።

ሰብሳቢው ቀና ብለው እጅ ነሱት።