የንጉሡ አምላክና የዔግላ ምራት ምጥ

ንጉሣችን በሰማርያ በዝሆን ጥርስ ባጌጠ አልጋቸው ላይ ተኝተው እንኳ ለእኛ ለኮረብታው ሰዎች ነፍስ ከማሰብ አላረፉም። በየቤታችን አንዳንድ የጭቃ አምላክ እንዳለን በሰሙ ጊዜ እጅግ አዘኑ። እሳቸውን የሚጠብቅ ታላቅ አምላክ እያለ በጭቃ መታመናችን ልባቸውን ነካው። ስለዚህም ሹማቸውን አዶኒቃምን ላኩልን።

አዶኒቃም በከተማችን በር ቆሞ፣ "ከዛሬ ጀምሮ የንጉሡ አምላክ የሁላችሁም አምላክ ነው። ጭቃ ጭቃውን አምጡ፣ ይሰበራል" አለን። እኛም በደስታ ተስማማን፤ ወታደሮቹ ጦር ይዘው ነበርና።

ሁሉም ሲያስረክብ ባሏ የሞተባት ዔግላ ብቻ ወደኋላ አለች። ምራቷን ምጥ ይዟታል፤ የእሷ ቤት አምላክ ደግሞ ከቅድመ አያቶቿ ጀምሮ የወላድ ጠባቂ ናት።

"ጌታዬ፣ ልጅቱ እስክትገላገል ብቻ ይተዉልኝ" አለች።

"የንጉሡ አምላክ ይደርስላታል።"

"አዋልዶ ያውቃል?"

"ሠራዊት ይመራል፣ አንቺ ሴትዮ።"

"እሱማ ይምራ። እኔ የምለው ስለ እንግዴ ልጁ ነው።"

አዶኒቃም በሃይማኖት ነገር የጠለቀ ሰው ስለነበር ክርክሩን በአጭሩ ቋጨው፤ ምስሏን ነጥቆ ከድንጋይ ጋር አጋጫት። ዔግላ ስብርባሪውን ጥቂት አየችው። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ገባች፣ ምራቷንም በገዛ እጇ አዋለደች። ወንድ ልጅ ነው። አዶኒቃም ውለታውን በንጉሡ አምላክ ስም አስመዝግቦ፣ ለምስጋናው ከዔግላ በረት ጠቦት አስነዳ።

ወይኑ ተለቅሞ ሳያልቅ ንጉሡ በጠና ታመሙ። አዶኒቃም አቧራ ለብሶ ተመለሰና በቀጥታ ዔግላ ደጅ ላይ ከበቅሎው ወረደ።

"እማማ፣ ከዚያች ምስል ሌላ አለዎት?"

"የለኝም ጌታዬ። የንጉሡ አምላክ ምን ሆነ?"

አዶኒቃም ግራና ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አቤቱታ በዝቶበታል።"

"ንጉሡን ምን አመማቸው?"

"ሆዳቸው ተነፍቶ አልጎድል አለ። ሐኪሞቹም ካህናቱም ግራ ገብቷቸዋል።"

ዔግላ የልጅ ልጇን በትከሻዋ ላይ አመቻቸች።

"ስንት ወራቸው ነው?" አለችው።